የእትዬ ፍሎራ ለቅሶ

እትዬ ፍሎራ መሞቷን የነገረችኝ ልጄ መሠረት ናት፤ በስልክ። እኔ ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ ጉልበቴን ፀሐይ እያስመታሁ ተቀምጬ ነበር። መሠረት መጀመሪያ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፣ ቀጥላ ስለ መድኃኒቴ፣ ቀጥላ ስለ ዝናቡ። ሰው መርዶ ሲይዝ እንዲህ ነው፤ ወሬ ያበዛል።

«አንቺ ልጅ፣ ማን ሞተ?» አልኳት።

«እትዬ ፍሎራ» አለች።

ስልኩን ዘጋሁት። ተናድጄ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ሰው ቀብሬያለሁ። ሀዘን ሲመጣ መጀመሪያ የሚይዘኝ ድካም ነው፤ እንባው ኋላ ነው የሚደርሰው። አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም።

እትዬ ፍሎራ ማን እንደሆነች ልናገር። አገሯ ስኮትላንድ ነው፤ ከእንግሊዝ ወደ ሰሜን ያለው። እሷ ግን ከዋናው ምድር አይደለችም፤ ከባሕር መሀል ካለች ደሴት ናት። የደሴቲቱ ስም አፌ ላይ አይረጋም፤ እሷም ራሷ «ደሴቴ» ነበር የምትላት። ሐዋሳ የመጣችው ለምንጭ ማጎልበት ሥራ ነው። ገጠር እየዞረች ምንጭ ታያለች፣ ዙሪያውን በድንጋይና በሲሚንቶ ታሠራለች፣ ሰውና ከብት ከአንድ ቦታ እንዳይጠጡ ታደርጋለች። እኔ ሹፌሯ ነበርኩ። ብዙ ዓመት አንድ ላንድክሩዘር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተጨቃጭቀናል። ከሚስቴ ጋር እንኳ ያን ያህል አልተጨቃጨቅኩም።

መጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ብላት ከመኪናው ወረደች። «አንቺ ካላልከኝ በእግሬ እሄዳለሁ» አለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ አለቃዬም ናት፤ እንዴት አድርጌ አንቺ እላለሁ? «እሺ፣ እትዬ ልበልሽ» አልኳት። በዚያ ታረቅን። ስንታረቅ እኔ ያየሁት ያ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው።

ረጅም ናት፣ ቀጭን፣ ፊቷ ፀሐይ የበላው። ባርኔጣ አታደርግም። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ቤት ሲሮጥ እሷ ፊቷን ወደ ዝናቡ አዙራ ትቆማለች። አንድ ልማድ ነበራት፤ ድንጋይ ይሁን ላም ይሁን የመኪና ኮፈን ይሁን፣ መዳፏን ዘርግታ ታሳርፍበትና ትንሽ ትቆያለች። የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው። «ምን ይላል?» እላታለሁ ለማሾፍ። «ዝም በል፣ ገና እየሰማሁ ነው» ትለኛለች።

አማርኛ የጀመረችው ጋራዥ ውስጥ ነው። መኪናችን ይበላሻል፣ ጋራዥ እንገባለን፣ እንጠብቃለን። «አለቀ?» ትላለች። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ሆኖ «ገና ነው» ይላታል። ከሰዓት በኋላም «ገና ነው»፣ በማግሥቱም «ገና ነው»። ይህችን ቃል ወሰደቻትና የራሷ አደረገቻት። ግንበኛው ምንጩን ጨርሻለሁ ሲላት ዙሪያውን ትዞርና «ገና ነው» ትላለች። ሰውዬው ፊቱ ይጠቁራል፤ ግን አፍርሶ ይሠራል። መሽቷል፣ እንሂድ ስላት «ገና ነው»። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ዕለት፣ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ሽማግሌው ሁሉ ጨፍሮ ደክሞት ወደ ቤቱ ሲገባ እሷ አቧራውን ለብሳ መሀል ላይ ቆማ «ገና ነው» ትለኛለች። በእሷ ቤት ምንም ነገር አያልቅም ነበር።

አንድ ጊዜ ወደ ዲላ መንገድ ስንሄድ የጥንት ሰዎች ያቆሟቸውን ትክል ድንጋዮች ላሳያት ብዬ ወሰድኳት። እኔ እንድትገረም ነበር የፈለግኩት። እሷ ግን መዳፏን አንዱ ላይ አሳርፋ እንደ ዘመድ ቆመች።

«እኛ ደሴት ላይም አለ» አለችኝ።

«ምኑ?»

«እንዲህ ያለ ድንጋይ። የቆመ።»

«ፈረንጅ ድንጋይ አያቆምም» አልኳት። «ፈረንጅ የሚያቆመው ፎቅ ነው።»

«ፎቅ ከመኖሩ በፊት ነው የቆመው።»

«ማን አቆመው?»

«አይታወቅም።»

«እናንተ የማታውቁት ነገር ደግሞ አለ?»

ሳቀች። «መጥተህ ታያለህ።»

«አልመጣም።»

«ትመጣለህ፣ በየነ። ግትር ስለሆንክ ትመጣለህ። ዋሽታኛለች ለማለት ብለህ ትመጣለህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ጭቅጭቅ መንገድ ማሳጠሪያችን ሆነ። ነጭ አሸዋ ያለበት የባሕር ዳር አለን ትለኛለች፤ ውሃው አረንጓዴ፣ ጥርት ያለ።

«ሰውስ?» እላታለሁ።

«ሰው የለም። ይበርዳል።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ያምራል።»

«ሰው የሌለበት ውሃ ዳር ምኑ ያምራል? እኛ ሐይቅ ዳር ዓሣ አለ፣ ጀልባ አለ፣ ጉማሬ አለ፣ አሞራው እንኳ ከሰው ጋር ይጋፋል።»

«መጥተህ ታያለህ» ትላለች። እኔም «አልመጣም» እላለሁ። ይርጋለም ደርሰናል ማለት ነው።

እስካሁን ያልኩት የሚያስቅ ነው። የማልረሳት ግን ለዚህ አይደለም።

ሚስቴ አስቴር ስትሞት ድንኳን ተተከለ፣ የሰፈሩ እድር ተሰበሰበ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ዘመሩ። እትዬ ፍሎራ መጣች። ሰው ፈረንጅ ናት ብሎ ተነስቶ ወንበር ሰጣት። ወንበሩን አልፋ ጫማዋን አወለቀችና ሴቶቹ መሀል ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ንፍሮ ይዛ ነበር፤ ራሷ የቀቀለችው። ስንዴው ከሥር አሯል፣ ባቄላው ጠጠር ነው። እማማ ወርቄ የሚባሉ ጎረቤቴ አንዱን ነከስ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «በየነ፣ አስቴርን እወዳት ነበር፤ ግን ጥርሴን አልሰጣትም» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ሀዘን መሀል ሳቅ አመለጠኝ። ቢሆንም ሁሉም በላ። እማማ ወርቄም እየመጠጡ በሉት።

ሦስቱንም ቀን ተቀመጠች። ከመሥሪያ ቤት ሌላ ሹፌር ሊወስዳት መጣ፣ ሥራ አለ ብሎ። በድንኳኑ በር ብቅ ብሎ ሲጠራት ከተቀመጠችበት ሳትነሳ «ገና ነው» አለችው። ሹፌሩ ወደኔ አየ። እኔ ምን ላድርግ? ሄደ።

ድንኳኑ ፈረሰ። ወንበሩ በጋሪ ተጭኖ ሄደ፣ ዘመድ ወደየአገሩ ተበተነ። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ይህችን ሰዓት ያውቃታል፤ ከሁሉ የምትከብደው እሷ ናት። ከሰዓት በኋላ ነበር። ቤቱ ባዶ ሆነ፣ የአስቴር ነጠላ ጫማ ከአልጋ ሥር ወጥቶ ይታያል። እትዬ ፍሎራ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ተመልሳ ገባችና ግድግዳውን ተደግፋ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ምንም አላለችም። አይዞህ እንኳ አላለችኝም። እኔ ሌላ ጊዜ ከሰው ፊት የማላለቅሰውን እዚያ አለቀስኩ። እሷ ነጠላ ጫማውን እያየች ዝም ብላ ተቀመጠች።

ጡረታ ወጥታ ወደ ደሴቷ ስትመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ እኔ ነኝ ያደረስኳት። መሠረት ኋላ ለትምህርት ስኮትላንድ ሄዳ በዚያው ነርስ ሆነች። በእሷ በኩል እየተደዋወልን ኖርን። «መቼ ነው የምትመጣው?» «ድንጋይ ለማየት አልመጣም።» ያው ነው። መሠረት ደግሞ በየዓመቱ ና ትለኛለች፣ እምቢ እላታለሁ። አርጅቻለሁ፣ ደክሞኛል፣ የማየውን አይቻለሁ እላታለሁ።

መርዶው የመጣ ለት ግን ለመሠረት መልሼ ደወልኩና «እመጣለሁ» አልኳት።

የእድራችን ሊቀ መንበር ዳንኤል አብሮ አደጌ ነው። ሄጄ ነገርኩት።

«ለቅሶ ልሄድ ነው።»

«የት ነው የሞተው?»

«ስኮትላንድ። እትዬ ፍሎራ ናት።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ጉልበትህ ገበያ እንኳ በባጃጅ ነው የምትወርደው።»

«የሚኬደው በአውሮፕላን ነው፤ በጉልበት አይደለም።»

«ተቀብራለች እኮ። ማንን ልታጽናና ነው?»

«ወንድም አላት። ኒል ይባላል። አብረው ነበር የሚኖሩት።»

«ያውቅሃል?»

«ለቅሶ ለመድረስ መተዋወቅ ግድ ነው?»

እትዬ ፍሎራ እዚህ በነበረች ጊዜ የእድራችን አባል ነበረች፤ ድንኳን ሲተከል ገመድ የምትይዝ አባል። «እንግዲያው ስለ እኛም ተቀመጥ» አለኝ ዳንኤል። «የእድሩ ሰው መጣ በል።»

ቪዛ የሚባለው ነገር ወራት ፈጀ። ይፍጅ። በእኛ ዘንድ ዘግይቶ የሰማም፣ ዘግይቶ የቀናውም ይደርሳል። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሷ እኔ ቤት እንደተቀመጠች እሷ ቤት መቀመጥ። ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም።

ስለ አውሮፕላኑ አላወራም፤ እግሬን አሳብጦኛል። መሠረት ተቀበለችኝ፤ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ መርከብ። እኔ የሐይቅ ሰው ነኝ፤ ሐይቅ ይወዛወዛል እንጂ ሰው ላይ አይነሳም። ያኛው ባሕር ይነሳል። መሠረት ትከሻዬን ይዛ «አባዬ፣ ሩቅ ሩቁን እይ» ትለኛለች። ሩቁም ይነሳል።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለችኝ መርከቡ ላይ። «እዚህ አገር ሰው ቤት ሳይደወል አይኬድም።»

«ለቅሶ ነው እንጂ።»

«ለለቅሶም ቢሆን።»

«ለቅሶ በቀጠሮ?»

«ደውዬላቸዋለሁ፣ ይጠብቁናል» አለች። ከዚያ ወደ ውሃው ዞረች። የሆነ ነገር እንደደበቀችኝ አውቄያለሁ፤ ግን ለመጨቃጨቅ ሆዴ አልተመቸኝም።

ደሴቲቱ ላይ ዛፍ የለም። አንድም። ምድሩ የረጠበ ብርድ ልብስ ይመስላል፤ ቡኒ፣ አረንጓዴ፣ እዚህም እዚያም ኩሬ። ነፋሱ እንደ ሰው ይገፋል። እትዬ ፍሎራ ሐዋሳ ላይ «ነፋሳችሁ ሰነፍ ነው» ስትል የነበረው ገባኝ። ሰዉ አፈር ቆርጦ፣ አድርቆ፣ ከቤቱ ጎን ከምሮ እሱን ያነዳል። መንገዱ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ከፊት ሌላ ሲመጣ አንዱ ሰፋ ያለች ቦታ ላይ ገባ ብሎ ይጠብቃል፣ ሲተላለፉም ከመሪው ላይ አንድ ጣት ያነሳሉ። ይሄን ወደድኩት። በግ ደግሞ መንገዱ ላይ ተኝቶ ያመነዥካል፣ ጡሩንባ አይሰማም።

ኒል በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሳየው ደነገጥኩ፤ ፊቷ ነው። ቁመቷ፣ የፀጉሯ አበቃቀል ሁሉ። እጁን ዘረጋልኝ። እኔ እጁን አልፌ አቀፍኩትና ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ፤ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው እንደሚያደርገው። እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ ቆመ። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ለመሠረት የሆነ ነገር ነገራት።

«ምን አለ?» አልኳት ዓይኔን እየጠረግኩ።

«ሻይ ይጠጣሉ ወይ ነው የሚሉት።»

ጠጣን። ኒል ግን አልተቀመጠም። ቆሞ ሻይ ቀዳ፣ ቆሞ ጠጣ፣ ስኒ አጠበ፣ እሳቱን ቆሰቆሰ፣ ወደ በጎቹ ወጣ። እኔ ሀዘንተኛ የማይቀመጥበት ቤት አይቼ አላውቅም። እሱ ሳይቀመጥ እኔ ከማን ጋር ልቀመጥ? ከመሠረት ጋር ስንዴና ባቄላ ከሱቅ ገዝተን ነበር፤ ማድ ቤቱ ገብቼ ንፍሮ ቀቀልኩ። ሲመለስ በሳህን ሰጠሁት። ድስቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ድስቱን አየ። መስኮቱ ጋ ቆሞ ጥቂት በላና ምንም ሳይናገር እንደገና ወጣ።

በማግሥቱ ጠዋት የመኪና ቁልፍ ይዞ መጣ። ወደ ባሕሩ ዳር ሊወስደን ነው።

«እኔ ለሽርሽር አልመጣሁም» አልኩ።

መሠረት ያን ጊዜ ተናዘዘች። «አባዬ፣ ስደውልላቸው አባቴ ሊቀመጥ ነው ብል እንዴት ይገባቸዋል? የፍሎራ የድሮ ባልደረባ ደሴቲቱን ማየት ይፈልጋል አልኳቸው። እሺ፣ አሳያቸዋለሁ አሉ።»

«ጎብኚ አደረግሽኝ?»

«ሌላ ምን ልበል? አባቴ ንፍሮ ቀቅሎ ወለል ላይ ይቀመጣል ልበላቸው?»

በጣም ተናደድኩ። ግን ሀዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ እሱ ከወጣ እኔም መውጣት አለብኝ። ኮቴን ለበስኩ። እንዲህ ሆኖ እሱ እንግዳ እያስጎበኘ፣ እኔ ሀዘንተኛ እየጠበቅኩ፣ በአንድ መኪና ደሴቲቱን ዞርን።

የባሕሩ ዳር እንዳለችው ነው። አሸዋው ነጭ፣ ውሃው አረንጓዴ፣ ዳር እስከ ዳር ሰው የለም። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ነከርኩ፤ ብርዱ እስከ ጥርሴ ወጣ። ኒል ራቅ ብሎ ቆሞ በጣቱ አሳየኝ፤ እዚያ ጋ ትዋኝ ነበር፣ በየጠዋቱ፣ እስክትታመም። እኔ ነጭ አሸዋው ላይ ቆሜ አንዲት ቀጭን አሮጊት በዚያ ብርድ ስትገባ በሐሳቤ አየሁ። ያምራል ያለችው ይሄን ነበር። ያምራል። ግን ልብ ያደክማል።

ከዚያ የጥንት ድንጋይ ቤት አሳየን፤ ክብ ሆኖ የተካበ፣ ጣራው የወደቀ፣ ግድግዳው ሁለት ሆኖ በመሀሉ ደረጃ የሚወጣበት። ኒል የቤቱን ዕድሜ ሲነግረን መሠረት «በጣም ጥንት፣ አባዬ» ብላ አሳጠረችው። እኔ ድንጋዩ ላይ አረፍ ብዬ አጠገቤ ያለውን ቦታ መታ መታ አደረግኩለት፤ ተቀመጥ ማለቴ ነው። እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ ሰማይ አየና ዝናብ ሊመጣ ነው አለ። መጣም።

ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ መርከባችን ይነሳል። ጠዋት መቃብሯ ጋ ሄድን፤ ከባሕሩ በላይ፣ አሸዋ አፈር ላይ፣ አጥር ውስጥ። ሰዎቹ በትከሻቸው ተቀባብለው ተሸክመው እንዳመጧት ኒል ነገረን፤ ቀብሯስ ወግ ነበረው። ጸለይኩ። የእድሩን ሰላምታ ጮክ ብዬ ነገርኳት። ኒል ከአጥሩ ውጭ ጠበቀን።

ስንመለስ መኪናውን አንድ ከፍታ ላይ አቆመ። ወጣሁ። ቆመዋል። ከሰው ሁለት እጥፍ የሚረዝሙ ድንጋዮች፣ ክብ ሠርተው፣ ሽበት የመሰለ ነገር ለብሰው፣ በዚያ ነፋስ መሀል ቆመዋል። ጉልበቴን ይዤ ወደ አንዱ ሄድኩ። መዳፌን ዘርግቼ አሳረፍኩበት።

«እሺ፣ እትዬ ፍሎራ» አልኩ። «አልዋሸሽም። ተረታሁ።»

ዞር ስል ኒል መዳፌን ያያል። ፊቱ ተለዋውጧል። ለመሠረት በዝግታ ተናገረ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያልሰማሁትን ያህል ተናገረ።

«እንደዚያ ታደርግ ነበር ይላሉ» አለችኝ መሠረት። «ከልጅነቷ ጀምሮ፣ በመዳፏ። ደግሞ ለምን መጣህ ይላሉ። እውነቱን።»

ነገርኩት። ስለ አስቴር፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስላረረው ንፍሮ፣ ስለዚያች ከሰዓት። «ድንጋይ ለማየት አይደለም የመጣሁት። ልቀመጥ ነው» አልኩት። መሠረት እያለቀሰች ተረጎመች።

ኒል ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ይህን ነገረን። ከኢትዮጵያ በተመለሰች ሰሞን አንድ ጎረቤታቸው ሞተ። ቀብሩ አልቆ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ፍሎራ ስንዴ ቀቅላ፣ ድስቱን ይዛ ሟቹ ቤት ሄደች። ጫማዋን አውልቃ ሚስቱ አጠገብ ወለል ላይ ተቀመጠች። በማግሥቱም ሄደች። የሴትዮዋ ልጆች ግራ ገብቷቸው ኒልን ጠሩት፤ እህትህ አእምሮዋን አሟታል፣ ውሰድልን ብለው። አፍሮ ሄደ። ክንዷን ይዞ «በቃ፣ ፍሎራ፣ ቤት እንግባ» አላት። «እሷም በእናንተ ቋንቋ የሆነ ነገር አለችኝ» አለ። በግድ አስነስቶ ወሰዳት። ሲወጡ ባሏ የሞተባት ሴትዮ በሩ ድረስ ተከትላ በዓይኗ ሸኘቻቸው። «ያን ዓይን አልረሳውም» አለ ኒል። ከዚያ ወዲያ ፍሎራ ማንም ቤት አልተቀመጠችም።

ምን እንዳለችው አልጠየቅኩም። አውቀዋለሁ።

ቤት ደርሰን ሻንጣችን መኪና ላይ ተጫነ። መሠረት ሰዓቷን ታያለች። እኔ ደክሞኛል፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደክሞኝ አያውቅም። ይሄን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ አንዲት ቀን እንኳ ሳልቀመጥላት ልመለስ ነው። ለዳንኤል ምን እለዋለሁ? ዞርን፣ አየን፣ ሻይ ጠጣን እለዋለሁ? ኒልን ተሰናብቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

ኒል ቀድሞኝ በሩ ላይ ቆመ። መንገዱን ዘጋው። ከንፈሩን አንድ ሁለት ጊዜ አንቀሳቀሰ፤ ቃሉ አልመጣ ብሎት ነበር።

«ገና ነው» አለ።

እንደ ጋራዡ መካኒክ አጥርቶ አይደለም። እንደ እሷ ነው ያለው።

«አባዬ፣ መርከቡ!» አለች መሠረት።

«ሌላ የለም?»

«ነገ እሑድ ነው። እዚህ እሑድ መርከብ አይነሳም።»

«እንግዲያው ሰኞ።»

«ሰኞ እኮ ሥራ እገባለሁ!»

«ሰው ሞቶብኛል በያቸው።»

ጫማዬን አወለቅኩ። ግድግዳውን ይዤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ጉልበቴ ጮኸ። ኒል ከላይ ሆኖ አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የቦት ጫማውን ፈታ። በግድግዳው ተንሸራትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እነዚያን ረጃጅም እግሮቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት አንዴ አጠፋቸው፣ አንዴ ዘረጋቸው። መሠረት የተረፈውን ንፍሮ አምጥታ በመሀላችን አኖረችልን። አንድ ባቄላ አንስቶ አኘከ፣ አኘከ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

አይዞህ አላልኩትም።